ክኒኑን ከመግዛትህ በፊት ልብህን አስመርምር

ስማኝማ ወንድምዬ፤ ኮንቪኒየንስ ስቶር ካውንተር ላይ የምትሸጠዋን «የወንድ ኃይል» ክኒን እንዳትነካት። ማሸጊያዋ «ከዕፅዋት የተቀመመ» ቢልም፣ ሄልዝ ካናዳ እንዲህ ያሉትን ሲያስመረምር የቪያግራን መድኃኒት፣ ሲልደናፊልን፣ ሳይጻፍባቸው ደጋግሞ አግኝቶባቸዋል። ለልቡ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ይህን ቢደርብበት ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ላይ ማኪያቶ ይዛችሁ ስለ ኳስ ስትከራከሩ የስንፈተ ወሲብ ጉዳይ እንደማይነሳ አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የለውም። ስንፈተ ወሲብ አንዳንዴ ከድካምና ከጭንቀት ይመጣል፤ ሰንበት ካለ ግን ደም ሥርህን ጠርጥር። ወደ ብልት ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ የልብ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ገደማ ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ደም ሥርን ሲጎዱ ቀድሞ የሚያስታውቀው ቀጭኑ ነው። ለዚህ ነው ችግሩ ከደረት ሕመም 2 ወይም 3 ዓመት ቀድሞ ሊታይ የሚችለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ማትረፍ ይቻላል።

ሽንትህስ? ሌሊት ሦስቴ መነሳትህን፣ እስኪመጣ ቆመህ መጠበቅህን «ታክሲ ላይ ስለምይዘው ነው» ትላለህ። ፕሮስቴት ሲያብጥም እንደዚሁ ነው፤ ስኳርም ሌሊት ያመላልሳል። ሁለቱም ከስንፈተ ወሲብ ጋር አብረው ይገኛሉ። ለፕሮስቴት የሚታዘዘው ታምሱሎሲን ከቪያግራ ጋር ሲገናኝ አዙሮ ሊጥልህ ስለሚችል፣ የምትውጠውን ሁሉ ለፋርማሲስቱ አሳይ። ታዳላፊል የሚባለው ደግሞ በቀን 5 ሚሊ ግራም ለፕሮስቴቱም ለስንፈተ ወሲቡም ይታዘዛል፤ ይስማማህ እንደሆነ ግን ሐኪም ይወስን።

ፋሚሊ ዶክተርህ ጋ ቀጠሮ ያዝ፤ የኦንታሪዮ የጤና መድን፣ ኦሂፕ፣ ይሸፍነዋል። ዶክተር ከሌለህ 811 ደውል፤ በነፃ ነርስ ታነጋግርሃለች። «ስንፈተ ወሲብ አለብኝ፤ ግፊቴን፣ ስኳሬንና ኮሌስትሮሌን እዩልኝ» በል። አፍህ ከተያዘ ጽፈህ ስጥ። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ልጅህን እንዳታስተረጉም አደራ።

ደረትህን ጨምቆ ከያዘህ ግን ቀጠሮ የለም፤ 911 ነው። ያኔም አትፈር፦ ክኒን ውጠህ ከሆነ ለፓራሜዲኩ ንገረው፤ ሳያውቅ ናይትሮግሊሰሪን እንዳይሰጥህ።