ከእርሻው በላይ ያለው ሰማይ የማን ነው?

ምንባብ

የመሬት ባለቤት በመሬቱ ላይ ቤት የመሥራት፣ ዛፍ የመትከልና ከብት የማርባት መብት አለው። ይህ መብት ወደ ላይ እስከ ምን ከፍታ ይዘልቃል? የጥንት አውሮፓ የሕግ ሊቃውንት መሬት ያለው ሰው ከመሬቱ በላይ ያለው ሁሉ እስከ ሰማይ ድረስ የእርሱ ነው ይሉ ነበር። ሰው መብረር ባልጀመረበት ዘመን ይህ አባባል ማንንም አላስቸገረም። አውሮፕላን ከተሠራ በኋላ ግን ቃል በቃል ቢሠራበት ኖሮ፣ እያንዳንዱ በረራ ከሥሩ ያሉትን ባለመሬቶች ሁሉ ማስፈቀድ ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህ ጥያቄ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው በአንድ ዶሮ አርቢ ቤተሰብ አቤቱታ ምክንያት ነው። አቶ ኮዝቢና ባለቤታቸው በሰሜን ካሮላይና፣ በግሪንስቦሮ ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ ሔክታር ጥቂት በሚበልጥ ይዞታ ላይ ይኖሩ ነበር። ከቤታቸው 700 ሜትር ያህል ርቆ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥት በዚህ ማረፊያ የጦር አውሮፕላኖቹን ለማሳረፍ የኪራይ ውል ገባ።

አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ሲወርዱ ከቤቱ በላይ 20 ሜትር ያህል፣ ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ በላይ ደግሞ ከ6 ሜትር ባነሰ ከፍታ ያልፉ ነበር። ሌሊት ብርሃናቸው ግቢውን ያጥለቀልቀዋል፤ ድምፃቸው እንቅልፍ ይነሣል። ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ተላተሙ፤ በአንድ ቀን እስከ አሥር የሚደርሱ የሞቱበት ጊዜ ነበር። በጠቅላላው 150 ያህል አለቁ። የተረፉትም እንቁላል መጣል ስለ ቀነሱ፣ ቤተሰቡ መተዳደሪያውን ለመተው ተገደደ።

ባልና ሚስቱ መንግሥትን ከሰሱ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የግል ንብረት ያለ ተገቢ ካሳ ለሕዝብ አገልግሎት እንዳይወሰድ ይከለክላል። መንግሥት በበኩሉ፣ አየር የሕዝብ መተላለፊያ ስለ ሆነ ከመሬቱ ምንም አልወሰድኩም ሲል ተከራከረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 እ.ኤ.አ. በአምስት ድምፅ ለሁለት ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ የጥንቱ አባባል በዘመናዊው ዓለም ስፍራ እንደሌለው ገለጹ። ይሁን እንጂ ባለመሬቱ ለመሬቱ አጠቃቀም የሚያስፈልገው የቅርቡ አየር የራሱ ነው፤ ያለዚህ ቤት ሊሠራ፣ ዛፍ ሊተክል፣ አጥር እንኳ ሊያጥር አይችልም። ስለዚህ በረራው ዝቅ ያለና የተደጋገመ ሆኖ የመሬቱን ጥቅም በቀጥታ ሲያሰናክል፣ መንግሥት ንብረት እንደ ወሰደ ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ወሰኑን በሜትር አልቆረጠም፤ የካሳው ጉዳይም እንደገና እንዲታይ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ።

በግል ማረፊያው ዝቅ ብሎ የሚበረው ጎረቤት ከሆነ ክርክሩ በሁለት ባለመሬቶች መካከል ነው። ያን ጊዜም የሚመዘነው የበረራው ከፍታ፣ ድግግሞሽና የደረሰው ጉዳት ነው። አንዱ በመሬቱ ላይ መንደርደሪያ የመሥራት መብት ሲኖረው፣ ሌላው ደግሞ በመሬቱ ላይ በሰላም የመኖር መብት አለው። ሕግ ሁለቱን የሚያስታርቀው የአንዱ መብት የሌላውን እንዳይውጥ ወሰን በማበጀት ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. የጥንቱ አባባል ከአውሮፕላን መሠራት በኋላ ለምን አላስኬደም?
2. በቤተሰቡ ላይ የደረሱትን ጉዳቶች ዘርዝሩ።
3. የመንግሥት መከራከሪያ ምን ነበር? ፍርድ ቤቱስ ለምን አልተቀበለውም?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት ፍች ከምንባቡ በመረዳት ጻፉ፤ በዓረፍተ ነገርም አስገቡ።
አቤቱታ፣ ይዞታ፣ ካሳ፣ መተዳደሪያ፣ ወሰን

ሐ. «በጦርነት ጊዜ የአገር መከላከያ ከአንድ ቤተሰብ መብት ይቀድማል ወይስ አይቀድምም?» በሚል ርእስ በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።