ስቴንትና የጉበት ደም ግፊት፦ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት

የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ የውኃን ጠባይ ለመማር ከአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ መሄድ አያስፈልገውም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት ይህ ሐይቅ ሁለት ቁም ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ መፍሰሻው የታገደበት ውኃ ወደ ኋላ ይተኛል። ሁለተኛ፣ ውኃ የሚያልፍበትን ሥፍራ ደለል ቀስ በቀስ ይሞላዋል። በሰው ጉበትም ተመሳሳይ ችግር ሊደርስ ይችላል።

ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም ፖርታል በተባለው ደም መልስ በኩል ወደ ጉበት ይገባል፤ በዚያ ተጣርቶ ወደ ልብ ይመለሳል። በጤናማ ሰው በጉበት መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። መተላለፊያው ሲታወክ ግፊቱ ያድጋል፤ ደሙም በጎን በኩል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ልዩነቱ 12 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያበጡት ደም መልሶች ሊፈነዱ፣ ሕመምተኛውም ደም ሊያስታውክ ይችላል። ሆድም ውኃ ይቋጥራል።

በአገራችን ለዚህ ከሚዳርጉት ምክንያቶች መካከል ሄፓታይተስ ቢ እና ቢልሃርዝያ ይገኙበታል። የአቃቂ ውኃ የሚቀላቀለው ከአዋሽ ጋር ነው፤ በዚያው በአዋሽ ተፋሰስ፣ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የመስኖ ቦዮች አካባቢ ቢልሃርዝያ ለረጅም ዘመን ሲጠና ቆይቷል። የትሏ እንቁላሎች በጉበት ውስጥ ባሉት የፖርታል ቅርንጫፎች ተቀርቅረው ጠባሳ ይፈጥራሉ።

ሐኪሞች በቅድሚያ እንደ ፕሮፕራኖሎል ባሉ መድኃኒቶችና ያበጡትን ደም መልሶች በኢንዶስኮፒ እየተመለከቱ በላስቲክ ቀለበት በማሰር ያክማሉ። ይህ በቂ ሳይሆን ሲቀር ቲፕስ የተባለው ዘዴ አለ። በአንገት ደም መልስ በኩል በሚገባ መርፌ ጉበት ተበስቶ በመግቢያውና በመውጫው ደም መልስ መካከል አቋራጭ መንገድ ይከፈታል፤ ስቴንት የተባለው የብረት መረብ ቱቦም መንገዱን ደግፎ ይይዛል። በስቴንት የታገዘው ሕክምና በሰው ላይ የተጀመረው በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስቴንቶች ሽፋን አልነበራቸውም። በመረቡ ቀዳዳዎች በኩል ሕብረ ሕዋስ እየበቀለ እንደ ደለል ይዘጋቸው ነበር። መፍትሔው መረቡን ፒቲኤፍኢ በተባለ ፕላስቲክ መሸፈን ሆነ። በ2004 እ.ኤ.አ. በ80 ሕመምተኞች ላይ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ መንገዱ በአግባቡ መሥራት ያቆመው ሽፋን ካላቸው በ13 ከመቶው፣ ከሌላቸው ደግሞ በ44 ከመቶው ነበር። ይሁንና በፖርታል ደም መልስ ውስጥ የሚቀመጠው የስቴንቱ ጫፍ ሆን ተብሎ ሳይሸፈን ይተዋል፤ ደሙ በመረቡ አልፎ ወደ ጉበት ቅርንጫፎችም እንዲደርስ ነው።

ታዲያ መንገዱ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ብቻ በቂ ነውን? አይደለም። በአቋራጭ የሚያልፈው ደም በጉበት ስላልተጣራ አሞኒያና ሌሎች መርዛማ ነገሮችን ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ሕመምተኛው ግራ ይጋባል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳናል። ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ተመራማሪ ፕዋዜይ እንዳሳየው፣ ግፊቱና የቱቦው ርዝመት ካልተለወጡ የፍሰቱ መጠን ከሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ስቴንት ከባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር፦

(8 ÷ 10)⁴ = 0.41

ይህም ማለት ዲያሜትሩ በ20 ከመቶ ሲቀንስ ፍሰቱ በ59 ከመቶ ይቀንሳል። ደም እንደ ንጹህ ውኃ ስላልሆነ፣ ግፊቱም በሰውነት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ስሌቱ ግምት ነው፤ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል። በ2017 እ.ኤ.አ. በቻይና በ127 ሕመምተኞች ላይ የታተመ ጥናት ሽፋን ያላቸውን ሁለቱን ስፋቶች አነጻጽሯል። በሁለት ዓመት ውስጥ የአንጎል መታወክ ባለ 8 ከተደረገላቸው በ27 ከመቶው፣ ባለ 10 ከተደረገላቸው በ43 ከመቶው ታየ፤ በመንገዱ መዘጋት ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።

እንግዲህ ሽፋኑ የመዘጋትን ችግር ሲያቃልል፣ ምርጫው ወደ ስፋቱ ዞረ። ስቴንቱ ከሰፋ አንጎል ይጎዳል፤ ከጠበበ ግፊቱ በሚገባ ላይወርድ ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጉበት ከመጎዳቱ በፊት መከላከል ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ወደ ቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር መርቷቸዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ ተካቷል።

ለአንባብያን መልመጃ፦ ዲያሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፍሰቱ ከባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ስንት እጅ ይሆናል? ሐኪሙስ ይህን ያህል ጠባብ ስቴንት ከመምረጡ በፊት ለምን ሊያመነታ ይችላል?