መቅረትና መተው

የጥንካሬ ልምምድ ጀምሮ ማቆም የተለመደ ነገር ነው። በመስከረም ጂም የተመዘገበን ሰው ኅዳር ላይ «ለምን ተውከው?» ቢሉት፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ «ፍላጎቴ ጠፋ።» መልሱ ውሸት የለበትም። ሆኖም ተለይተው መታየት ያለባቸውን ነገሮች በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለያዘ፣ መፍትሔውንም አብሮ ይሰውራል። በዚህ ትምህርት የተጠቀለለውን ፈትተን እንመለከታለን።

አስቀድመን ሥራውን ራሱን እንወቅ። የጥንካሬ ልምምድ ማለት ጡንቻ ከለመደው ጥቂት የሚበልጥ ጭነት እንዲሸከም በዕቅድና በተደጋጋሚ ማሠራት ነው። ጭነት ስንል ጡንቻው የሚቋቋመውን ክብደት ሁሉ ማለታችን ነው። የጂም ብረት ጭነት ነው፤ ፑሽ አፕ ለሚሠራ ሰው የገዛ አካሉ ክብደት ጭነት ነው፤ በየሰፈሩ ወጣቶች ሁለት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ቧንቧ አገናኝተው የሚያነሱትም ጭነት ነው። ጡንቻ የብረቱን ዋጋ አይጠይቅም። መጠኑን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አዋቂዎች ዋና ዋና ጡንቻዎቻቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲያሠሩ ይመክራል። ሁለት ቀን የሚለውን ልብ እንበል። ከሥራ ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ቤቱ የሚገባ ሰው በሳምንት ስድስት ቀን ልሥራ ብሎ ሲነሣ፣ ማንም ያላዘዘውን በራሱ ላይ ይጭናል። በሦስተኛው ሳምንት ሲያቅተው ደግሞ ሰነፍ መሆኔ ነው ብሎ ይደመድማል። የተበላሸው ግን ዕቅዱ ነበር።

ሥራውን ካወቅን፣ ወደ ሥራው የሚያደርሱንን ሦስት ነገሮች እንለይ። ተነሳሽነት ለመሥራት የሚገፋፋ የውስጥ ስሜት ነው። ቁርጥ ዕቅድ ሥራው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚፈጸም አስቀድሞ መወሰን ነው። ልማድ ደግሞ ሰዓቱና ቦታው ሲደርስ ከራስ ጋር ሳይከራከሩ የሚፈጸም ተግባር ነው። ከሦስቱ ተለዋዋጩ ተነሳሽነት ነው፤ እንቅልፍ ሲጎድል ይወርዳል፣ ወዳጅ ሲያመሰግን ይወጣል። ይህ የስሜት ጠባይ ስለሆነ፣ ስሜቱ የወረደበትን ሰው አንወቅሰውም። ጥያቄው ስሜቱ በወረደበት ቀን ሥራው በምን ላይ ይቆማል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ሚልን፣ ኦርቤልና ሺራን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ስለ ስፖርት የሚያነሣሣ ነገር አልተሰጠውም። ሁለተኛው ስፖርት የልብ በሽታን ስለ መከላከሉ የሚያስረዳና የሚያነሣሣ ጽሑፍ አነበበ። ሦስተኛው ያንኑ አንብቦ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስፖርት የሚሠራበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ለይቶ ጻፈ። በሳምንቱ ስፖርት የሠሩት ከአንደኛው ቡድን 38 በመቶ፣ ከሁለተኛው 35 በመቶ፣ ከሦስተኛው 91 በመቶ ሆኑ። የሁለተኛው ቡድን ፍላጎት ከፍ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ፍላጎቱ የሚያርፍበት ቀንና ሰዓት አላገኘም። «ዘንድሮ ሰውነቴን አጠነክራለሁ» የሚለው ሰው በዚህ በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነው። «ማክሰኞና ዓርብ፣ ከማታው 12 ሰዓት ተኩል፣ ሳሎን ውስጥ» ያለ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል።

ጥናቱ የተመለከተው አንድ ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ ለዓመቱ ዋስትና አይሰጠንም። ለዓመቱ የሚያስፈልገው ልማድ ነው። ልማድ በስንት ጊዜ ይያዛል? በሎንዶን ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ተግባር መረጠ፤ ከምግብ ጋር ውኃ መጠጣት፣ ፍራፍሬ መብላት፣ ከራት በፊት መሮጥና የመሳሰለውን። ተግባሩ ያለ ክርክር የሚፈጸም እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር፤ ከ12 ሳምንት የሚያልፈው ከክትትሉ ተነሥቶ በስሌት የተገመተ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ገና ከራሱ ጋር የሚታገል ሰው አልዘገየም። ከዚሁ ጥናት ሌላም ነገር ተገኘ፦ አንድ ቀን ማለፍ የልማዱን ሂደት ይህን ያህል አልጎዳውም።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ወደ ዋናው መለያ ታደርሰናለች። መቅረት ማለት የታቀደውን አንድ ቀን ወይም ጥቂት ቀን አለመፈጸም ነው። መተው ማለት ወደ ሥራው አለመመለስ ነው። የሚጸና ሰውም ይቀራል፤ ልጅ ይታመምበታል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ መብራት ይጠፋል። መቅረትን ወደ መተው የሚለውጠው «ከተበላሸ አይቀር» የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ያለፈውን ቀን ኪሳራ ለሚመጣው ቀን ምክንያት ያደርገዋል። የቀረው ማክሰኞ ግን በዓርብ ላይ ሥልጣን የለውም።

አካላችንም በዚህ ጉዳይ ከምንፈራው በላይ ታጋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የቢክልና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ወጣቶችና አረጋውያን ለ16 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን ብረት ሠሩ። ከዚያም ለ32 ሳምንታት አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ አቆሙ፣ ሌሎቹ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቀጠሉ። በሳምንት አንድ ቀን የቀጠሉት ያገኙትን ጥንካሬ ጠበቁ፤ ወጣቶቹ የጡንቻቸውንም መጠን ጠበቁ፣ አረጋውያኑ ግን መጠኑን ለመጠበቅ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ያስፈልጋቸው ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ለመገንባት የሚያስፈልገውና የተገነባውን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሥራ እኩል አለመሆኑን ነው።

ይህ ዕውቀት በተለይ ለጾመኛ ይጠቅማል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ሰው «በጾም ጡንቻ አይያዝም» ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ያቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ መመለሱ ይከብደዋል። ሳምንታዊውን ቀን ወደ አንድ ማውረድ፣ የዙሩን ብዛት መቀነስ፣ የሚያነሡትን ክብደት ግን በተቻለ መጠን አለማውረድ ይሻላል። ሰዓቱን ከምግብ በኋላ ማድረግ፣ ከሽሮው፣ ከምስሩና ከባቄላው ጠርቀም አድርጎ መብላት ነው። በረመዳን ለሚጾምም ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ይስማማል። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እስካሁን ተነሳሽነት፣ ቁርጥ ዕቅድና ልማድ የተለያዩ መሆናቸውን፣ መቅረትም መተው አለመሆኑን አየን። አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ ስሜቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርደው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት መስታወት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ጉልበት በአብዛኛው የሚመጣው ነርቭ ጡንቻውን በተሻለ ማዘዝ ስለሚማር ነው፤ የጡንቻው መወፈር ዘግይቶ ይከተላል። ተመራማሪዎቹ ሞሪታኒና ዴቭሪስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳይተዋል። ስለዚህ በመስታወት ብቻ የሚለካ ሰው፣ በእርግጥ እየጠነከረ ሳለ ምንም አልተለወጠም ብሎ ያዝናል።

ፍቱኑ መፍትሔ ደብተር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቆሰሉ የአሜሪካ ወታደሮችን ያክም የነበረው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም፣ ታካሚው በትክክል አሥር ጊዜ ሊያነሣው የሚችለውን ክብደት በየሳምንቱ እንደገና እየለካ ጭነቱን ይጨምር ነበር፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመው። እኛም ቀኑን፣ ክብደቱን፣ ድግግሞሹንና ዙሩን በአንድ መስመር ብንጽፍ ይበቃል። ባለፈው ወር በ10 ኪሎ ስምንት ጊዜ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ካልን ለውጡ ታየ። ክብደት የሚጨመረውም ያን ጊዜ ነው፤ ጎረቤታችን ስላነሣ አይደለም።

ይኸው ደብተር ለሁለት ወር ተለይቶ ለሚመለስ ሰው ልኩን ይነግረዋል። በመጨረሻው መስመር ላይ ከተጻፈው ግማሹን ያህል ክብደት ይዞ፣ ሁለት ዙር ሠርቶ ይግባ። በማግሥቱና በሠልስቱ ሰውነቱ ቢተሳሰር ጡንቻው ያልለመደውን ስለሠራ ነው፤ በጥቂት ቀን ይለቃል። እየሠራ ሳለ ድንገት መገጣጠሚያው ላይ የሚወጋው ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ያን ጊዜ ያቁም፣ ካልተሻለው ይታይ።