እየሠሩ መማር፦ ስለ ደቀ መዝሙርነት የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የዛሬውን ትምህርት ያመጡልን አንድ እናት ናቸው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቁ እየታደለ ሳለ ወደ እኔ ቀረቡና «ዲያቆን፣ እባክህ ይህን ልጅ ምከርልኝ። ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ያስገባዋል፤ እሱ ግን አፕረንቲስ ልሁን ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት የሆቴል ክፍል ያጸዳሁት ለዚህ ነው?» አሉኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ የጫማውን ማሰሪያ ያያል። እዚያው ቆሜ ልመልስላቸው አልወደድኩም። ጥያቄው እዚህ ሎንዶን ልጅ የምታሳድጉ የብዙዎቻችሁ ነው፤ መልሱም ከሥራና ከገንዘብ አልፎ እምነታችን ስለ ጥበብ የሚያስተምረውን ይነካል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቅ። ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ በእንግሊዝ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ተማሪው በአንድ በኩል የድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ የሥራ ውል ይፈርማል፣ ደመወዝ ይቀበላል፣ የዓመት ዕረፍት ይወጣል። በሌላ በኩል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ተምሮ እንደ ማንኛውም ተመራቂ ዲግሪውን ይይዛል። ለትምህርቱ እሱ አንድ ፔኒ አይከፍልም። ከ2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ድርጅቶች ግማሽ በመቶ ለሥልጠና እንዲያዋጡ በሕግ ተደንግጓል፤ የትምህርቱ ወጪ በአብዛኛው ከዚያ ይሸፈናል። በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጓደኛው ደግሞ ለዓመታት 9,250 ፓውንድ የነበረውን፣ አሁን ከዚያም ያለፈውን የአንድ ዓመት ክፍያ በብድር እየከፈለ ይማራል።

እንግዲህ እትዬ፣ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲውን አልተወም፤ በሥራው በር ሊገባበት ነው። በሩም ጠባብ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ለአሠሪው ነው፤ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ለአንድ ቦታ ብዙ ልጅ ይሰለፋል። ካለፈ እልል ይበሉ።

የጥያቄዎ ግማሽ ግን ገና አልተመለሰም፤ እሱ ከገንዘብ ጋር አይያያዝም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያልን ኖረናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ምላስን አስፈራ እንጂ ልብን አልለወጠም፤ ባሕር ተሻግረን እንኳን «ተምሮ» እና «ሠርቶ» የሚሉትን ቃላት በተለያየ ሰሐን እናቀርባቸዋለን።

ለመጀመሪያው ነጥብ ወደ ኦሪት ዘጸአት 31ኛ ምዕራፍ እንሂድ። እግዚአብሔር ለሙሴ የመገናኛውን ድንኳን ነገር ሲነግረው አንድን ሰው በስም ጠርቶ መንፈሱን እንደ ሞላበት ይነግረዋል። ይህ ሰው ነቢይም ካህንም አይደለም፤ ባስልኤል የሚባል ወርቅ፣ ድንጋይና እንጨት የሚሠራ ባለሙያ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ የእጅ ጥበብ ጸጋ ነው፣ ሰጪውም መንፈስ ቅዱስ ነው። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የሚያውቁት በጸራቢነቱ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረው።

ነገር ግን ምዕራፉን ስትጨርሱ መጽሐፉን አትዝጉ። የሚቀጥለው፣ 32ኛው፣ የወርቁ ጥጃ ነው። ወርቁ ያው ነው፣ ሕዝቡም ያው ነው። ቴክኖሎጂ የምትማሩ ልጆች ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ላይ እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ሰው ጸጋውን ተቀብሎ ምን እንደሚሠራበት የሚጠየቀው እሱው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የመማሩ መንገድ ነው። ደቀ መዝሙር የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን፤ ደቅ ልጆች ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ትምህርትን ከልጅነት ጋር ያስተሳስረዋል። ልጅ ደግሞ አብሮ እየዋለ፣ እያየ፣ እየተሳሳተ ነው የሚያድገው። ኤልሳዕ በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስ ነበር፤ ነቢይነትን የተማረው ከዚያ ቅርበት ነው። እንግሊዞችም ነገሩ አልጠፋቸውም፤ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1563፣ በወጣ ሕግ ሙያ የሚፈልግ ወጣት ሰባት ዓመት ከባለሙያ ሥር እንዲቀመጥ ይገደድ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ፤ እኔም አራት ዓመት በዚህ መንገድ ሄጃለሁና። በሶፍትዌር ሥራ የጻፍከው ኮድ በቀጥታ ወደ ደንበኛ አይሄድም፤ መጀመሪያ ሌላ ባለሙያ ያየዋል፣ ያርመዋል። የመጀመሪያ ሥራዬ ሠላሳ ሁለት መስመር ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ እርማት ተመለሰልኝ። ትምህርት ቤት አንደኛ ስወጣ የኖርኩ ልጅ ነኝ፤ ፊቴ ጋለ። ማታ ለአያቴ ደውዬ አማረርኩ። አያቴ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ነበሩ። ሳቁብኝ። «እኛ ሌሊቱን ቆጥረን ያደርነውን ቅኔ ጠዋት ለየኔታ ስንነግር፣ ‹ይህ ቤት አይመታም› ይሉና ዝም ነው። የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አይነግሩንም። አንተ አሥራ ዘጠኙንም ነግረውህ ታለቅሳለህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እርማትን እንደ ስድብ መቁጠር ተውኩ፤ ማለቴ፣ መተው ጀመርኩ።

ሦስተኛው ነጥብ ትንሽ ያስቆየናል። የአፕረንቲሱ መመዘኛ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ እውቀት፣ ክህሎትና ጠባይ። ጠባይ እንዴት ይመዘናል ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ የሙከራው ዳታቤዝ መስሎኝ የደንበኞች ትዕዛዝ ያለበትን እውነተኛውን ሠንጠረዥ ሰረዝኩ። ላብ አሰመጠኝ። ለአለቃዬ ተናገርኩ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። «ማን ሰረዘው?» የሚል ሰው አልነበረም። የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ የመሰረዝ ፈቃድ እንዴት ተሰጠው? ሁለቱ መስኮቶች ለምን ይመሳሰላሉ? ብለው ጠየቁ። ፈቃዱ ተነሣ፣ የእውነተኛው መስኮት ቀይ ተቀባ፣ ተበተንን። ይህ አሠራር መልካም ነው፤ ሰው ስህተቱን እንዳይደብቅ ያደርጋል።

እኔን ግን አንድ ነገር አሳተኝ። ስለ ኃጢአቴም እንዲሁ ማሰብ ጀመርኩ። በእኔ ጊዜ ደንቡ ከሥራ ሰዓቱ 20 በመቶው ለትምህርት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር፤ ከአምስቱ ቀን አንዱ ማለት ነው። የእኔ ቀን ማክሰኞ ነበረች። ሥራ ሲበዛ ማክሰኞ ተሸረሸረች፤ መጀመሪያ ጠዋቷ፣ ቀጥሎ ሙሉዋ ተወሰደች። የተማርኩበትን ሰዓት በየሳምንቱ የምመዘግበው እኔው ነበርኩ፤ እንዳልማር ያደረገኝን ላለማስቀየም ያልተማርኩትን ተማርኩ ብዬ ጻፍኩ። የቤት ሥራውን ቅዳሜ ሌሊት እሠራና እሑድ ኪዳን ላይ እያንቀላፋሁ እቆማለሁ። ራሴን ስጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

የንስሐ አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ስለ አሠራሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስግደት ሰጡኝ። ልነሣ ስል «መዝገቡንስ?» አሉኝ።

ልጆች፣ ልዩነቱን ያዙልኝ። የመሥሪያ ቤት ምርመራ እንዴት ሆነ ይላል፤ ንስሐ ማን አደረገው ይላል፣ መልሱም እኔ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሠልጣኝን በስህተቱ የሚያዋርድ ድርጅት ስህተት ይቀበርበታል። ሐሰቱን በአሠራር የሚያሳብብ ነፍስም እንዲሁ ነው። ሄጄ ለዩኒቨርሲቲው አስተማሪዬ እውነቱን ነገርኩት፣ መዝገቡንም አስተካከልኩ። ያኔ ነው ባዶዎቹ ማክሰኞዎች የታዩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀኔ ተመለሰችልኝ። ለካ የእኔ ሐሰት የበደለኝን ሲሸፍንለት ኖሯል።

ጾሙን፣ የእንቅልፉን ነገር፣ ጓደኞች በካምፓስ ሲዝናኑ ባቡር ላይ ሆኖ መጽሐፍ መግለጡን ብዙ አላወራም፤ የማታ ፈረቃ የምትሠሩ ወላጆቻችሁ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

በሥልጠናው መጨረሻ ላይ ምዘና አለ። ሠልጣኙ በሥራ ላይ የሠራውን ፕሮጀክት ያቀርባል፤ ለዓመታት ያሰባሰበውን ማስረጃ ይዞ፣ እሱን ባላስተማረ መዛኝ ፊት ይጠየቃል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ የሚማረውን ሲያበቃ ቤተልሔም ወደሚባለው ምስክር ቤት ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረው ዙር አባ ይወጣል። ያስመሰከረ ሰው ደግሞ ወንበር ይዘረጋል፣ ያስተምራል። ወደ ባስልኤል ስንመለስ፣ በ35ኛው ምዕራፍ ሙሴ ለሕዝቡ ሲናገር ለባስልኤልና ለጓደኛው ለኤልያብ ሌላ ስጦታ እንደ ተጨመረላቸው ይገልጻል፤ ሌሎችን የማስተማር ልብ ነው።

እኔ ምዘናውን ባለፍኩ ሰሞን አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ተቀጥራ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ፣ የሙከራውንና የእውነተኛውን በምን እለያቸዋለሁ?» አለችኝ። ቀዩን መስኮት እያሳየኋት ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ።