ቍጥር በአእምሯችን ውስጥ



ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ አምቦ ተመልሼ ታናናሾቻችንን ሳስጠና፣ አንዱን ልጅ «መቶ አምስትን ጻፍ» ብዬ ሰሌዳ ፊት አቆምሁት። እርሱም 1005 ብሎ ጻፈ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ አልመጣም።

ወደ ትምህርቴ ተመልሼ ስለ አእምሮ የተጻፈውን ስመረምር ግን ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበረ ተረዳሁ። ምክንያቱንም ባጭሩ ላስረዳ።

ሰው አኃዝን ሳይማር ብዛትን ያውቃል። ሦስት ሎሚ ብናይ ሳንቈጥር ሦስት መሆኑን እንለያለን፤ ስምንት ሲሆን ግን መቍጠር ግድ ይሆናል። ሞየርና ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳዩት፣ ከ8ና ከ9 የሚበልጠውን ለመምረጥ ከ2ና ከ9 ከመምረጥ የበለጠ ጊዜ ይወስድብናል። ይኸውም አእምሮ የተጻፈውን ምልክት ወደ ብዛት መልሶ እንደሚመዝነው ያመለክታል።

ፈረንሳዊው ሊቅ ስታኒስላስ ደሃን እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበው አሳብ፣ ቍጥር በአእምሯችን በሦስት መልክ ይኖራል፤ እነርሱም ብዛቱ፣ የሚነገረው ቃልና የሚጻፈው አኃዝ ናቸው። ለብዛቱ ዋናው ስፍራ ከአናታችን ወደ ኋላ፣ በግራና በቀኝ የሚገኘው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል የተጎዳበት ሰው አንዳንድ ጊዜ ንግግሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ቀላል መቀነስ ያቅተዋል።

እንግዲህ ትምህርት ማለት ሦስቱን ማገናኘት ነው። ያ ልጅ መቶን 100፣ አምስትን 5 ብሎ ቃሉን እንደ ሰማው በተራ ጻፈ። በብዙ አገር ያሉ ልጆችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በግዕዝ አኃዝ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረ! ፻ መቶ፣ ፭ አምስት ነውና ፻፭ መቶ አምስት ይሆናል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ እንደ ንግግራችን ይሄዳል። ልጁ በቤቱ በሚናገረው በኦሮምኛም ዐሥራ አንድ «ኩዻ ቶኮ»፣ ማለት ዐሥር አንድ ነው፤ ፲፩ም እንዲሁ ይጻፋል። በ105 ግን የአኃዙ ዋጋ በቆመበት ስፍራ ይወሰናል፤ ዜሮውም ባዶውን የዐሥር ቤት ይጠብቃል። ይህን ሳላስተምረው ሳቅሁበት።

ለጥምቀት ወደ አምቦ ስመጣ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ፻፭ና 105ን ጎን ለጎን ጻፍሁለት። ጥቂት አየና «ዜሮዋ ቦታ ጠባቂ ናት ማለት ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ አልቀረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በእጃችን ያሉ ታናናሾች ሲሳሳቱ «ደነዝ» ከማለታችን በፊት «እንዴት አስበኸው ነው?» ብለን እንጠይቅ። በስሕተቱ ውስጥ ትክክለኛ አሳብ ተሰውሮ ይገኝ ይሆናልና።