መርምሮ ማንበብ፤ ስለ ቤተ መጻሕፍት ጥቅም የተሰጠ ትምህርት

ወንጌላዊው ሉቃስ የሰማውን ሁሉ እንደ ሰማው አላስተላለፈም፤ በዓይናቸው ካዩት ተቀብሎ፥ ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ መርምሮ በተራ እንደ ጻፈው በወንጌሉ መግቢያ ይናገራል። የቤርያ ሰዎችም ከቅዱስ ጳውሎስ አንደበት የሰሙትን ቃል እንኳ ዕለት ዕለት ከመጻሕፍት ጋር በማስተያየታቸው ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም (የሐዋ. 17፥11)። እንግዲህ መመርመር የእምነት ጠባቂ ነው እንጂ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአዳማ ከተማ በማገለግልበት አጥቢያ የደረሰ ነገር ነው። አንድ አባወራ በእጅ ስልክ የደረሳቸውን ጽሑፍ አሳዩኝ። ጽሑፉ፥ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት ቢወስድ እምነቱን እንደ ካደ ይቈጠራል፤ ይህንም ያስተማረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው ይላል። መክፈቻው ግእዝ ነበር፤ ግእዙም ያማረ ነው። እኔም በቋንቋው ማማር ተታልዬ፥ «በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል?» ብዬ ሳልጠይቅ ዝም አልኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ባለቤታቸው እያለቀሱ መጡ፤ ሰውየው በየዕለቱ የሚወስዱትን መድኃኒት ትተው ሕመማቸው ጸንቶባቸዋል። «ቄሱም አይተውት አልተቃወሙም» ብለዋልና፥ ዝምታዬ ምስክርነት ሆኖ ተቈጥሮ ነበር።

በማግሥቱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ወደ አጥቢያችን ቤተ መጻሕፍት ገባን። ሦስት ጥያቄዎችንም አስቀድመን ፍለጋ ጀመርን።

1ኛ. ቃሉን ማን ተናገረው? በየትኛውስ መጽሐፍ? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዕብራውያን መልእክት ላይ ብቻ 34 ድርሳናት አሉት። ስለዚህ «አፈወርቅ እንዲህ አለ» የሚል ሰው ድርሳኑንና ክፍሉን ሊያመለክት ይገባዋል። እኛ ባሉን መጻሕፍት ፈልገን አላገኘነውም። አለማግኘታችን ብቻውን ቃሉ ሐሰት መሆኑን አያስረዳም፤ የአባታችን ድርሰት ብዙ ነውና። ነገር ግን የማስረዳት ዕዳ ያለበት ጠቃሹ ነው፤ እርሱ ምንጩን እስኪያሳይ ድረስ ማንም በዚህ ቃል ሕይወቱን ሊያስይዝ አይገባም።

2ኛ. ከሌላው ምስክር ጋር ይስማማልን? መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገለጥን። በዚያ የታመመ ሰው እንዲጸልይም ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥም ታዝዟል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነም ተጽፏል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ ለሕሙማን በግልጥ አስተምረዋል።

3ኛ. ጽሑፉ በማን እጅ አለፈ? ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የጸሐፊውንና የአስጻፊውን ስም ይዞ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ይጻፋል፤ አስተዋይ አንባቢ ፍቁን ያያል። የስልኩ ጽሑፍ ግን ጸሐፊም ዘመንም የለውም፤ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ብቻ እናውቃለን።

ወጣቶቹ ያገኙትን በወረቀት ጽፈው፥ መጽሐፈ ሲራክን ይዘን ወደ ሕሙሙ ቤት ሄድን። እኔም አስቀድሜ ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሰውየው አንብበው ወደ ሐኪማቸው ተመለሱ፤ ጠበሉንም አልተዉም።

ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በትርጓሜ ቤት መምህሩ «አንድም» እያለ የአባቶችን ልዩ ልዩ ፍቺ ሲያወርድ፥ ደቀ መዝሙሩ ፍቺውን ከፍቺ፥ ምስክሩን ከምስክር ለይቶ እንዲይዝ ያስለምደዋል። በዝዋይ ሐይቅ ላይ በደብረ ጽዮን ደሴት የሚኖሩ የዛይ ወገኖቻችንም ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትን በውኃ ተከበው ለትውልድ ጠብቀዋል፤ መጻሕፍቱ በዮዲት ዘመን ከአክሱም እንደ መጡ በትውፊት ይነገራል። እዚህም ላይ አስተዋይ ተማሪ በትውፊት የተነገረውንና በብራናው ላይ የተጻፈውን ሁለቱንም እያከበረ አንዱን ከሌላው ይለያል። በዚያው በሐይቁ ዳር፥ በዛሬዋ ባቱ፥ በ1982 ዓ.ም. ያረፉት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካህናትንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው ያስተማሩት ዘመናዊው ተማሪ ከአባቶች ትምህርት እንዳይለይ ነው።

ስለዚህ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በየአጥቢያው ያላችሁ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች ሆይ፥ መጻሕፍትን በሣጥን ቈልፎ ማስቀመጥ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም አይደለም። መጻሕፍቱ በመዝገብ ይጻፉ፤ የደራሲው ስም፥ የታተመበት ዘመንና ቦታ ይታወቅ። በሳምንት አንድ ቀንም ወጣቶች በስልክ የደረሳቸውን ጽሑፍ ይዘው መጥተው ከመጻሕፍት ጋር ያስተያዩ። መልሱን ካህኑ አይንገራቸው፤ መጽሐፉን ሰጥቶ ገጹን ራሳቸው እንዲፈልጉ ያድርግ እንጂ። ካህኑም የማያውቀው ነገር ሲቀርብለት «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለትን አይፈር። እኔ ይህን ቃል በጊዜው ብናገር ኖሮ፥ ያች እናት ባላለቀሱ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።