ሶሪያሲስ ስለሚባለው የቆዳ ደዌ

ክርኑና ጉልበቱ የቀላ ወይም የጠቆረ፣ በላዩም እንደ ብር የነጣ ቅርፊት የሚረግፍበት ልጅ ሲታይ ብዙ ሰው ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ይሸሸዋል። ደዌው ሶሪያሲስ እንደ ሆነ ግን ከሰው ወደ ሰው ከቶ አይተላለፍም። የአውሮፓ ሐኪሞችም ሁለቱን ለብዙ ዘመን ሲያደባልቁ ኖረው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ፈርዲናንድ ሄብራ የተባለ የቪየና ሐኪም ለይቶ አስረዳ።

መለያው ይህ ነው። በሥጋ ደዌ የተያዘው ስፍራ ብዙ ጊዜ ቢነኩት አይሰማም፤ ሶሪያሲስ የያዘው ግን ይሰማል፣ ያሳክካልም። ቢሆንም ለይቶ መፍረድ የሐኪም ሥራ ነው።

ምክንያቱም፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ ቆዳን ያስቸኵለዋል። የጤነኛ ሰው ቆዳ በአንድ ወር ያህል ሲታደስ የታማሚው ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ይከመራል።

ደዌውን ፈጽሞ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚያስታግሰው ግን ብዙ ነው። ገላን ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት ድርቀቱን ያለዝባል። ቅርፊቱን በግድ መፋቅ ግን ያብሰዋል። ሐኪም ያዘዘውን ቅባት በልኩ መቀባት ይገባል፤ አንዱ ባይረዳ ሌላው ይረዳ ይሆናልና ተስፋ ሳይቈርጡ ወደ ሐኪም መመለስ ነው። ጕሮሮው በታመመ ጊዜም ደዌው ሊብስ ስለሚችል ቶሎ ይታከም።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፣ ልጁን ከጓደኞቹ ጋራ በአንድ ወንበር አስቀምጡት። መምህሩም በተማሪዎች ፊት እጁን ይጨብጠው፤ ይህን ያዩ ልጆች መሸሽን ይተዋሉ።